ስለ ሲዚየም 137 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጨረር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው የአቶም ቦምብና ቼርኖቢል ነው። እዚህ ግን ይበልጥ የምናተኩረው በትንሽ ብረት ታሽጎ በየፋብሪካው፣ በየሆስፒታሉና በየመንገድ ሥራው ላይ ስለሚገኘው ሲዚየም ነው። ሰው ሳያውቅ ቤቱ ድረስ ይዞት ሊገባ የሚችለው እሱን ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲዚየም ምን ዓይነት ነገር ነው?

ለስላሳ ብረት ነው። ቀለሙ ወደ ወርቃማ ያደላል። በ28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ሰመራ ላይ በቀትር በታሸገ ጠርሙስ ብታስቀምጡት ፈሳሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውሃ ከነካው ይፈነዳል። በ1860 በማዕድን ውሃ ውስጥ ያገኙት ሮበርት ቡንሰንና ጉስታቭ ኪርሆፍ የተባሉ ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች ናቸው።

በተፈጥሮ የሚገኘው ሲዚየም 133 ይባላል፤ ቁጥሩ የአቶሙን ክብደት ያሳያል። ጨረር የለውም። እንዲያውም ከ1967 ጀምሮ ዓለም የሰከንድን ርዝመት የሚወስነው በእሱ ነው። የአቶሙ 9,192,631,770 ንዝረት አንድ ሰከንድ ይባላል። የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሳተላይቶችም ሆኑ የስልክ ኔትወርኮች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚሁ ስሌት ነው።

አስፈሪው ወንድሙ 137 ነው።

137 ከየት መጣ?

ከሰው እጅ ነው። የዩራኒየም ወይም የፕሉቶኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ከሚወለዱት ስብርባሪዎች አንዱ ነው። ከመቶ የተሰነጠቁ የዩራኒየም አቶሞች የስድስቱ ያህል መጨረሻ ሲዚየም 137 ይሆናል። በ1941 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ማርጋሬት ሜልሃስ የተባለች ተማሪ ከግሌን ሲቦርግ ጋር ሆና አገኘችው።

ወደ አካባቢያችን የገባው በሦስት በር ነው። የመጀመሪያው ከ1945 ጀምሮ በአየር ላይ የተደረገው የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ነው። ሁለተኛው የኒውክሌር ማብላያ ጣቢያዎች አደጋ ነው። ሦስተኛው የጠፋና ባለቤት ያጣ ካፕሱል፣ ማለትም ሲዚየም የታሸገበት ትንሽ ብረት ነው። በመጠን ካየነው ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር አይወዳደርም። ግን ለተራው ሰው እጅ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው።

ጨረሩ እንዴት ይወጣል? መቼስ ያልቃል?

የሲዚየም 137 አቶም መጀመሪያ ቤታ የሚባል ጨረር ይረጭና ወደ ባሪየም ይለወጣል። ያ ባሪየም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ጋማ ጨረር ይለቃል። ቤታው ቆዳን ያቃጥላል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ጋማው ግን ልብስና ሥጋን ብቻ ሳይሆን ግድግዳንም ያልፋል። ጉልበቱን በግማሽ ለመቀነስ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል እርሳስ ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ኮንክሪት ያስፈልጋል።

ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ነው። ዛሬ ያለው ከ30 ዓመት በኋላ በግማሽ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ወደ ሩብ ይወርዳል። ወደ አንድ ሺህኛው ለመድረስ 300 ዓመት ይፈጅበታል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ዕድሜው ቢያጥር ኖሮ ጥቂት ወራት ጠብቀን እንገላገለው ነበር። በጣም ቢረዝም ደግሞ ጨረሩ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ደካማ ይሆን ነበር። 30 ዓመት ግን ጠንካራ ጨረር እያወጣ የሰው ዕድሜ ሙሉ የሚቆይበት ልክ ነው። አንድ ግራም ንጹሕ ሲዚየም 137 በሰከንድ ከ3 ትሪሊዮን በላይ አቶሞቹ ይፈነዳሉ።

ይህን ያህል አደገኛ ከሆነ ለምን ይጠቀሙበታል?

ስለሚጠቅም ነው። ይህንም በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ካፕሱሉ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ጨረሩ አይዋዥቅም፣ ለአሥርት ዓመታት ይሠራል።

መንገድ ሲሠራ አፈሩና አስፋልቱ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካ ሳጥን መሰል መሣሪያ አለ። ብዙዎቹ በውስጣቸው ትንሽ ሲዚየም 137 አላቸው። ሲሚንቶና ብረት ፋብሪካዎች በጋን ወይም በቧንቧ ውስጥ ያለውን ነገር ከፍታና ውፍረት ሳይከፍቱ የሚለኩበትም አለ። የነዳጅ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ኩባንያዎች የዐለቱን ዓይነት ለማወቅ ወደ ጉድጓዱ ያወርዱታል። ሆስፒታሎች ድሮ ለካንሰር ሕክምና ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬም በአንዳንድ አገር ለሕሙማን የሚሰጥ ደም በጨረር የሚዘጋጅበት ማሽን ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይምታታ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ሲሠራ የነበረው የካንሰር ሕክምና ማሽን ኮባልት 60 የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነበር የሚጠቀመው።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ግን የአፈር ጥናቱ ነው። ከቦምብ ሙከራዎቹ የረገፈው ሲዚየም ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ላይኛው ላይ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ተዳፋት ማሳ ላይ የቀረውን ሲዚየም ካልተነካ ሜዳ ጋር በማነጻጸር ባለፉት ስልሳ ዓመታት ምን ያህል አፈር በጎርፍ እንደተጠረገ ማስላት ይቻላል። የጥፋት ርዝራዥ አፈርን ለማዳን ሲውል ማየት ደስ ይላል።

ታሽጎ እስከተቀመጠ ድረስ ችግሩ ምንድን ነው?

ታሽጎና ተጠብቆ እስከተቀመጠ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ጠባቂ ያጣ ዕለት ነው። ጎያኒያ የሆነውን ማወቅ ለዚህ በቂ ነው።

ጎያኒያ የብራዚል ከተማ ናት። አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቦታ ሲቀይር የሲዚየም ማሽኑን አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም አላሳወቀም። ሕንፃው በከፊል ፈረሰ፤ በቂ ጥበቃም አልነበረውም። በመስከረም 1987 ሁለት ወጣቶች ገብተው የማሽኑን ጭንቅላት ፈቱት። ከባድ ነው፣ እርሳስ አለው፣ ይሸጣል። በእጅ ጋሪ ጭነው ቤት ወሰዱት። በዚያው ዕለት ማስመለስ ጀመራቸው። አንደኛው እጁ አበጠ። ሐኪም ቤት ሲሄድ የተበላሸ ምግብ ያመጣው አለርጂ ነው ተባለ።

ብረቱን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ ላይ ከውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። ደስ አለው። ውድ ነገር ወይም ተአምር መሰለው። ቤተሰቡን፣ ወዳጁን፣ ጎረቤቱን ጠራ። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ቅንጣቶች አካፈላቸው። ለጭፈራ እንደሚቀቡት ብልጭልጭ ገላቸው ላይ የቀቡት ነበሩ። የነጋዴው ወንድምም ዘግኖ ቤቱ ወሰደ። የስድስት ዓመት ልጁ ተጫወተችበትና በዚያው እጇ እራቷን በላች።

ነገሩን ያወቀችው የነጋዴው ባለቤት ናት። የጨረር ባለሙያ አይደለችም፣ መሣሪያም የላትም። ግን ቤቷ የሚገባው ሁሉ ተራ በተራ ሲታመም ዱቄቱን ጠረጠረች። የቀረውን በከረጢት አድርጋ በአውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። ሰዎቼን እየገደለ ያለው ይህ ነው ብላ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የጨረር መለኪያ ተውሶ መጣ። ገና ከሩቅ ቆጣሪው ጫፍ ስለነካ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ቀየረ። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ጤና ቢሮው ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ሲሰናዱ አገኛቸው። አስቆማቸው።

በከተማው ስታዲየም 112,000 ያህል ሰው ተመረመረ። 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። በሳምንታት ውስጥ አራት ሰዎች ሞቱ። ሴትየዋና ሕፃኗ በአንድ ቀን ነው ያረፉት። ሌሎቹ ሁለቱ ብረቱን ሲፈቱ የነበሩ የነጋዴው ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ቤቶች ፈረሱ፣ የላይኛው አፈር ተዛቀ። የተሰበሰበው ቆሻሻ 3,500 ሜትር ኩብ ሆነ። የዚህ ሁሉ መነሻ 93 ግራም ዱቄት ነው።

ዱቄቱ ሲዚየም ክሎራይድ ነበር። እንደ ገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በላብ፣ በዝናብ፣ በእጅ ይዛመታል። ጉዳቱን ያባባሰው ይኸው ነው።

ይሄ አንድ ጊዜ የሆነ ክፉ አጋጣሚ አይደለም?

ምነው በሆነ። ክራማቶርስክ በምትባል የዩክሬን ከተማ በድንጋይ ማውጫ የጠፋች ካፕሱል ከጠጠር ጋር ተቀላቅላ የአንድ አፓርታማ ግድግዳ ውስጥ ገባች። ግድግዳው አጠገብ የተኙ ልጆች በካንሰር ሞቱ። ካፕሱሏ የተገኘችው በ1989 ነው፤ ሕንፃው ከተሠራ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው።

በ1998 ደቡብ ስፔን ውስጥ አንድ የብረት ማቅለጫ ሳያውቅ ሲዚየም ያለበት ቁርጥራጭ ከቅራቅምቦው ጋር አቀለጠ። ጭሱ ፈረንሳይ፣ ስዊዘርላንድና ጣሊያን ድረስ ተመዘገበ። በጥር 2023 አውስትራሊያ ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ካፕሱል ከማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ ስትጓዝ ከመኪና ላይ ወደቀች። 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ታሰሰ። የካቲት 1 ቀን ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ያህል ፈንጠር ብላ ተገኘች። በዚያው ዓመት ታይላንድ ውስጥም ከኃይል ማመንጫ ጠፍቶ የነበረ ሲዚየም አንድ የብረት ማቅለጫ አቧራ ውስጥ ተገኝቷል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች በነሐሴ 2025 ከኢንዶኔዥያ የመጣ ሽሪምፕ ከገበያ ሲሰበሰብ ሰምታችሁ ይሆናል። የተገኘው መጠን በኪሎ 68 ቤክሬል (በሰከንድ የሚፈነዱ አቶሞች ቁጥር) ያህል ነበር፤ የአሜሪካ የጣልቃ ገብነት ጣሪያ 1,200 ነው። በአንድ ምግብ የሚታመም ሰው አልነበረም። የብክለቱ ምንጭ ፍለጋ ግን ጃቫ ደሴት ላይ ወደሚገኝ የኢንዱስትሪ መንደርና ወደ ብረት ማቅለጫ ነው ያመራው። ልብ በሉ፦ ከታሪኮቹ አብዛኞቹ በቁርጥራጭ ብረት በኩል ያልፋሉ።

እኛ አገርስ የኒውክሌር ጣቢያ የለም። ምን ያሳስበናል?

ጎያኒያም ውስጥ የኒውክሌር ጣቢያ አልነበረም። ክሊኒክና ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በቂ ነበሩ።

በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ አስቡት። አሮጌ ብረት ይገዛል። ምናለሽ ተራ ያሉ ሠራተኞች በመዶሻና በመሮ ይፈቱታል። የቀረው ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ይህ ሥራ ብዙ ቤተሰብ ያኖራል፤ ከተማንም ያጸዳል፤ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው። ግን የጨረር ምልክት ምን እንደሚመስል እነዚህን ልጆች ማን አስተማራቸው? ከኢንጂነሩ በፊት ማወቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የጨረራ ምንጭን ማስገባት፣ መያዝ፣ ማጓጓዝና ማስወገድ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይቻልም። ማንኛውም ድርጅት ሲዘጋ ወይም መሣሪያውን ሲቀይር አሮጌውን ዕቃ ከቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ጋር በጨረታ ማውጣት የለበትም።

ካየሁት እንዴት አውቀዋለሁ?

በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በእጅ አይታወቅም። ጎያኒያ ላይ የታየው ሰማያዊ ብርሃን ካፕሱሉ ከተሰበረ በኋላ ነው። የታሸገ ካፕሱል አያበራም። ተራ የብረት ቁራጭ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ምልክቱን ፈልጉ። ቢጫ መደብ ላይ በጥቁር የተሣለ፣ መሀሉ ነጥብ ሆኖ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ነው። በ2007 የወጣ ሌላም አለ፦ ቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው። ይህ የተዘጋጀው ማንበብ ለማይችልም ሰው እንዲገባው ነው። ምልክቱ ተልጦ ሊሆን ስለሚችል ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ብረትም ያጠራጥራችሁ። ውስጡ እርሳስ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ከተጠራጠራችሁ አትንኩት፣ አትፍቱት፣ ወደ ቤት አታስገቡት። ራቁ። ርቀታችሁን በእጥፍ ስትጨምሩ የሚደርስባችሁ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ሌላ ሰው እንዳይጠጋ አድርጉና ለፖሊስ ወይም ጨረራን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ነክታችሁት ከሆነ የላይ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ፌስታል ውስጥ እሰሩት። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንዳትበሉ፣ እንዳታጨሱ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ብረቱን ሳትደብቁ ንገሩት። እሳት ሳይነካው የቃጠሎ ቁስል ያወጣና የሚያስመልሰው ሰው ብረት ነክቶ እንደሆነ መጠየቅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ሰውነት ውስጥ ከገባ ምን ያደርጋል?

ሲዚየም በጠባዩ ፖታስየምን ይመስላል። ሰውነታችን ደግሞ መለየት አይችልም። ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በመላው አካል፣ በተለይ በጡንቻ ውስጥ ይሠራጫል። አጥንት ላይ ሙጭጭ የሚለው ስትሮንቲየም 90 የሚባለው ነው። ሲዚየም ቀስ በቀስ በሽንት ይወጣል። በአዋቂ ሰው ግማሹ ለመውጣት 110 ቀን ያህል ይወስዳል። ልጆች ላይ ያጥራል።

ከፍተኛ መጠን ከሆነ የደም ሴል የሚመረትበትን መቅኔ ይመታል። ሰው በኢንፌክሽንና በመድማት ይሞታል። ትንሽ መጠን ከሆነ ወዲያው የሚሰማ ነገር የለም፤ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የመያዝ ዕድልን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል።

መድኃኒት አለው። ፕሩሺያን ብሉ ይባላል፤ ሠዓሊዎች የሚያውቁት ሰማያዊ ቀለም ነው። በመድኃኒት ካፕሱል ሲዋጥ አንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይዞ በሰገራ ያወጣዋል። 110 ቀን የነበረውን ወደ 30 ገደማ ያወርደዋል። ጎያኒያ ውስጥ 46 ሰዎች ወስደውታል። ከሠዓሊ ቀለም ቤት የሚገዛው ግን መድኃኒት አይደለም፤ እንዳትሞክሩት።

የአዮዲን ኪኒንስ?

ለሲዚየም ምንም አያደርግም። የአዮዲን ኪኒን የሚከላከለው ጨረር ያለው አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ ብቻ ነው።

ጨረር ካገኘው ሰው ጋር መቀመጥ ያስፈራል?

ሁለት ነገር እንለይ። ከውጭ ጨረር ያለፈበት ሰው ለሌላው አያስተላልፍም። ራጅ ተነስታችሁ ስትወጡ ጨረር ይዛችሁ እንደማትወጡ ማለት ነው። ዱቄቱ ገላው ወይም ልብሱ ላይ ያለ ሰው ግን መታጠብ አለበት። ታጥቦ ተመርምሮ ንጹሕ ከተባለ በኋላ እንደማንም ሰው ነው።

ይህን ባለማወቅ የጎያኒያ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ተጎድተዋል። በሌሎች ከተሞች ሆቴል ተከለከሉ። የክልሉ ምርት ገዢ አጣ። የሕፃኗ ቀብር ላይ ሰዎች አስከሬኗ መቃብራችንን ይበክላል ብለው ድንጋይ ወርውረዋል። በእርሳስ በታሸገ ሣጥን ነበር የተቀበረችው። ከጨረሩ ባላነሰ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

አፈርና ምግብ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?

እንደ አፈሩ ይለያያል። ሸክላ አፈር ሲዚየምን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ተክል ብዙም አያገኘውም። አሸዋማና ረግረጋማ አፈር ግን ይለቅለታል። ከ1986ቱ የቼርኖቢል አደጋ በኋላ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የዌልስ ተራራ ላይ ዝናብ ያወረደው ሲዚየም ሣር ውስጥ ገባ። በብሪታንያ በጎች ላይ የተጣለው ቁጥጥር ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ2012 ነው።

ጫካ ከማሳ የባሰ ነው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ ሥሩ መልሶ ይመጠዋል። በተለይ የዱር እንጉዳይ ይሰበስበዋል። ጀርመንና ኦስትሪያ ያላችሁ በጾም ወቅት ከጫካ እንጉዳይ የምትለቅሙ ከሆነ የአካባቢያችሁን መረጃ ጠይቁ። ሱቅ የሚሸጠው በእርሻ የበቀለ እንጉዳይ ይህ ችግር የለበትም።

ጃፓን ከ2011ዱ የፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ብዙ ቦታ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የላይኛውን አፈር ልጣ አነሳች። ሩዝ ማሳዎች ላይ ደግሞ ፖታስየም ያለው ማዳበሪያ ተጨመረ። ተክሉ ፖታስየም ሲጠግብ ሲዚየሙን ብዙም አይፈልገውም። ለተራ ምግብ የተፈቀደው ጣሪያም በኪሎ 100 ቤክሬል ብቻ ሆነ። በንጽጽር የአውሮፓ ኅብረት ከቼርኖቢል በኋላ ያወጣው 600 ነው።

ምግብ ማፍላት ያጠፋዋል?

አያጠፋውም። እሳት አቶምን አይለውጥም። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ከፊሉን ይቀንሳል፤ ሲዚየሙ ወደ ውሃው ስለሚወጣ። መረቁን ከጠጣችሁት ግን ያው ነው።

በሌላ ነገር መተካት አይቻልም?

ለብዙው ሥራ ይቻላል። ደም ለማዘጋጀት የራጅ ማሽን ይበቃል። ሶኬቱ ሲነቀል ጨረሩም ይቆማል፤ የሚሰረቅ ዱቄት የለውም። ፈረንሳይና ኖርዌይ የደም ማሽኖቻቸውን በዚህ ተክተዋል። አሜሪካም በመንግሥት ድጋፍ እየቀየረች ነው። ሲያትል ውስጥ በግንቦት 2019 የሆነው አንዱ ማስጠንቀቂያ ነበር። አገልግሎቱ ያበቃ የሲዚየም ማሽን ሊነሳ ሲል ካፕሱሉ በስህተት ተቆረጠ። 13 ሰዎች ተበከሉ፤ ሰባት ፎቅ ያለው የምርምር ሕንፃም ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ባለሙያዎች፣ ፈቃድና መሣሪያ ባሉበት አገር ነው ይህ የሆነው።

የራጅ ማሽን ግን የማይቆራረጥ መብራትና ቋሚ ጥገና ይፈልጋል። ለነዳጅ ጉድጓድና ለአንዳንድ የፋብሪካ መለኪያዎችም እስካሁን ሲዚየሙን ያህል ምቹ ነገር አልተገኘም። በእነዚህ ቦታዎች እያንዳንዷ ካፕሱል ቁጥር ተሰጥቷት በመዝገብ ትያዛለች። ዕድሜዋ ሲያበቃም ወደ አምራቿ ትመለሳለች ወይም ፈቃድ ባለው ማከማቻ ትቀመጣለች።